ባሌ የሚቀናበት ጨፌ

ሰው በሚስቱ ይቀናል። የኔው ጉድ በጨፌ ይቀናል። እኔ ገበያ ውዬ ባመሽ «የት ነበርሽ?» ብሎኝ አያውቅም፤ አንዲት ጥጃ የእንግጫ ሜዳን ዳር ካሸተተች ግን ጉርሻውን ጥሎ ይነሣል። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖርሁ፤ ሠላሳ ዓመት ጣውንቴ ሣር ነበረች።

እንግጫ ሜዳ ከቡሬ ወደ ማንኩሳ ሲመጣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ያለው ረግረግ ነው። የማንም አይደለም፣ የሁላችንም ነው። ከሰኔ ጀምሮ ይዘጋል፤ ኅዳር ሚካኤል ይከፈታል። እስከዚያ ድረስ ከብት ያስገባ ሰው ከብቱ መግቢያው ላይ ካለው ሾላ ሥር ይታሰርበታል፤ በሽማግሌ ፊት ቆሞ ሦስት ጊዜ «አጥፍቻለሁ» ሳይል አይፈታለትም። ሽማግሌዎች የጥበቃውን ሽመል ለባሌ ለይታገሱ የሰጡት በተጋባን ዓመት ነው። ሁለት ሚስት በአንድ ዓመት! ጨፌው በሚከፈትበት ቀን ሽመሉን አግድም ይዞ መግቢያው ላይ ይቆማል፤ መጀመሪያ ባሏ የሞተባት የሰብለ ላም ትገባለች፣ ከዚያ የሌላው ሰው፣ መጨረሻ የኛ። ሲያዳላ አይቼው አላውቅም። እንዲያውም በተጋባን በአራተኛው ዓመት የአባቴን በሬ አሰረ። የአባቴን! አባቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሦስት ጊዜ «አጥፍቻለሁ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ደጃችንን ሳይረግጥ ሞተ። እኔ ይህን አልረሳሁም። ምን ያስረሳኛል?

አምና መኪና መጣ። ጨፌያችን ውስጥ የምትፈለፍል እግረ ረጅም፣ አመድማ ወፍ አለች፤ ለካ በዓለም ላይ ተመናምና ኖሯል። በእሷ ምክንያት እንግጫ ሜዳ ዓለም አቀፍ መዝገብ ገባ ተባለና ሰሌዳ ተተከለ፤ ጠባቂም ተቀጠረ። ይታገሱ ነው ብለን ስንጠብቅ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ስመኘው! በልጅነቱ ከብቱ ሾላው ሥር ስንት ጊዜ እንደታሰረበት ቆጥረን የማንጨርስለት ስመኘው። ማንበብና መጻፍ ይችላል አሉ። ደረቱ ላይ ወፍ ያለበት ጃኬት፣ የጎማ ቦት ጫማና ሩቅ የሚያሳይ መነጽር ሰጡት።

ያን ቀን ይታገሱ እራት አልበላም። «ጃኬቱ ዝናብ ያስገባ ይሆን?» አለኝ። «ምን አገባህ?» አልሁት። «መነጽሩስ የእውነት ያሳያል?» አለ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው እኮ! ቅናት ሽበት አይፈራም። እኔማ ደስ አለኝ። የራስን ሰው ሌላ ሲወስድብህ እንዴት እንደሚያንገበግብ አሁን ገባህ አይደል፣ አልሁ በሆዴ።

ዘንድሮ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ስብሰባ ተጠራ። ከፍኖተ ሰላም ትሕትና የምትባል ባለሙያ መጣች። ስመኘው ወረቀት አነበበ፤ የወፏ ጫጩት ገና አልበረረችምና ጨፌው እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል እንዳይከፈት ይላል። ሰዉ ተንጫጫ። እስከዚያ ከብቱ ምን ይብላ? ትሕትና «መሬቱን ማንም አልወሰደባችሁም፤ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ወፏን ለመጠበቅ ውል የፈረመችውም አገራችን ናት» አለች።

ይታገሱ ተነሣ። «ልጄ፣ እኔ ልጄን ክርስትና ባስነሣ፣ የክርስትና አባቱ መጥቶ ምሳውን በስንት ሰዓት እንደማበላው ሊያዘኝ ነው? ዓለም ይመስገን፣ መዘገበው። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ያደርሁት ግን እኔ ነኝ!» አለ። ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብሁ፤ እውነቱን ነዋ። ግን ባሌን አውቀዋለሁ፤ የንግግሩ ግማሽ ለመሬቱ፣ ግማሹ ለጃኬቱ ነበር።

ሽማግሌዎች ተማከሩ። «ወረቀት አያዘንም። ለጫጩቷ ግን እኛም አንጨክንም። መክፈቻው ከሚካኤል ወደ ኅዳር ጽዮን ይሂድ፤ ዘጠኝ ቀን ነው» አሉ። ትሕትናም «እናንተ የወሰናችሁት ይሁን» ብላ መዘገበች። ነገሩ አለቀ። ለይታገሱ ግን አላለቀለትም። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አያ ላቀው ከመወሰናቸው በፊት «ጫጩቷ በስንት ቀን ትበራለች?» ብለው የጠየቁት ስመኘውን ነው። ይታገሱን አልጠየቁትም።

ኅዳር ሚካኤል ጧት፣ ሰው ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ በሬያችንን ቦራን ፈታ። «ወዴት ነው?» አልሁት። «ወደ ጨፌዬ» አለኝ። ጨፌዬ! እጁን ብይዘው ይቀር ነበር። አልያዝሁትም። ያቺ ጣውንቴ ዛሬ ታዋርደው ብዬ ነው፤ አልዋሽም። ከኋላው ተከተልሁት።

ቦራ ሣሩ ውስጥ ገብቶ ሲግጥ ስመኘው ከቅዳሴ መጣ። ጃኬቱን አልለበሰም፤ ነጠላውን እንዳጣፋ ነው። ስለ ወፍም ስለ ወረቀትም ትንፍሽ አላለም። ቦራን ቀንዱን ይዞ አወጣና ሾላው ሥር አሰረው። «አያ ይታገሱ፣ ጨፌው አልተከፈተም። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እዚሁ ሾላ ሥር» አለ።

ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ከበበን። አያ ላቀውም ከሽማግሌዎቹ ጋር መጡ። ማን ያቁመው? እስከዛሬ አጥፊውን ሽማግሌ ፊት የሚያቆመው ራሱ ይታገሱ ነው። ይታገሱ ሽመሉን አየ፣ ቦራን አየ። «የእኛ ነው ብዬ የጮህሁት እኔ ነኝ። የእኛ ከሆነ ሕጉ እኔንም ይይዘኛል» አለ። ሽመሉን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አጥፍቻለሁ» አለ ወደ ሽማግሌዎቹ። «አጥፍቻለሁ» አለ ወደ ስመኘው። ሦስተኛዋን ሊል ሲል ወደ እኔ ዞረ።

«አጥፍቻለሁ» አለ። «ይህች ለአባትሽ ናት።»

እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ሰዉ ለበሬው ያለቀስሁ መስሎት «አይዞሽ፣ ይፈታል» ይለኛል።

ኅዳር ጽዮን ሽመሉን ከሽማግሌዎቹ ተቀብሎ መግቢያው ላይ የቆመው ስመኘው ነው። ጫጩቷ በርራለች። የሰብለን ላም አስቀደመ። ይታገሱ ቦራን ይዞ ከሰዉ መሐል ቆሟል፤ ዓይኑ ከሽመሉ ላይ አልተነቀለም። «ዝቅ አድርጎ ያዘው» አለኝ። «እንዲያ ነው እንዴ የሚያዘው? ጥጃ እንኳ ይዘለዋል።» ያቺን ሰዓት አሳዘነኝ።

የቦራን ገመድ ከእጁ ተቀበልሁት። «በል ሂድና አሳየው» አልሁት። «ለእራት ግን ድረስ።»