ሦስት ኬላ አልፎ የሚመለሰው ቁጥር

«በል፣ ስንት ተረፈ?» አሉኝ አዴር ጉሌድ፣ በራዱን ከከሰሉ ላይ እያነሱ።

«ምንም» አልኩ እየተናደድኩ።

ልጅ ሳለሁ፣ ጅግጅጋ መብራት በጠፋ ምሽት፣ ጎረቤታችን አዴር ጉሌድ ግቢያቸው ውስጥ ከሰል አያይዘው ተረት ይነግሩን ነበር። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ እሳቸው ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አዴር ነበሩ። በደምበል በኩል እስከ አዲጋላ አይሱዙ ሲነዱ ያረጁ ሰው ስለሆኑ፣ በተረታቸው ውስጥ ጅብ እንኳ ኬላ ላይ ይፈተሻል።

እኔን የያዘኝ ግን የቁጥሩ ተረት ነው። «ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ያዝ። አጠገቡ ራሱን ድገምና ጫነው። መንገድ ላይ ሦስት ኬላ አለ፤ አንዱ ለሰባት ያካፍለዋል፣ አንዱ ለአሥራ አንድ፣ የመጨረሻው ለአሥራ ሦስት። የትም ትራፊ አይንጠባጠብም። ከቤት የወጣው ቁጥር ራሱ ተመልሶ ቤቱ ይገባል።»

ያኔ ታላቅ ወንድሜ በአዲጋላ አድርጎ፣ ታህሪብ በምንለው የድብቅ መንገድ ድንበር ከተሻገረ ከራርሞ ነበር። እናቴ ስልክ በጮኸ ቁጥር የያዘችውን ትጥላለች። እኔ ደግሞ ትምህርቱ አስጠልቶኝ፣ እግሬን እየበላኝ፣ እሱን ልከተል ቋምጬ ነበር። ለምን እንደሆነ ሳልናገር አዴርን «አዲጋላ ይውሰዱኝ» እያልኩ ነዘነዝኳቸው።

«ትራፊ ያለው ቁጥር አምጣ፣ የዚያኑ ቀን እወስድሃለሁ» አሉኝ።

አራዳ ነኝ ባይ ነበርኩና የእናቴን ስልክ ለማስሊያ ይዤ ፍሙ ፊት ተቀመጥኩ። 307307 አልኩ። ለሰባት፣ 43901። ለአሥራ አንድ፣ 3991። ለአሥራ ሦስት ሳካፍለው 307 ቁጭ! 999ን ሞከርኩ፣ 101ን ሞከርኩ። አንድ ምሽት ሁለት የማይመሳሰሉ ቁጥሮች አጣብቄ ላሸውዳቸው ስል፣ «ዋርያ፣ አንተ ልጅ! ይሄ መንታ አይደለም፣ የእንጀራ ልጅ ነው» ብለው ሳቁብኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ብዙ ምሽት አለፈ። በኋላ ነገሩን ገልብጬ ኬላዎቹን ራሳቸውን አባዛኋቸው፤ ሰባት በአሥራ አንድ በአሥራ ሦስት። 1001 መጣ። ባለ ሦስት አሃዙን በ1001 ስታባዛው ሺህ እጁ ፊት ይቆማል፣ እሱ ራሱ ከኋላ ይከተላል፤ መንታ ማለት ይኸው ነው። ኬላዎቹ የተጫነውን 1001 መልሰው ከማራገፍ በቀር ሥራ የላቸውም። ትራፊ ድሮም አልነበረም፣ ወደፊትም የለም።

ዛሬ ትምህርቱን ከተውኩ ቆየሁ፤ ከደብተሩ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረ የለም ማለት ይቻላል። 1001 ግን ከነከሰል ሽታው፣ ከነምሽቱ አለ። ያን ምሽት እንዳገኘሁት አጥሩን ዘልዬ ገባሁና ጮህኩባቸው፦

«አዴር፣ አጭበረበሩኝ! እንዲህ ያለ ቁጥር እኮ የለም!»

አልካዱም። ሻዬን ቀዱልኝ። ከአጥሩ ማዶ እናቴ ስሜን ትጣራ ነበር። ጣታቸውን ወደ ድምፁ ቀሰሩ።

«ትሰማለህ? አንተን እስካሁን በአጥር ነው የምትጠራህ፣ በስልክ አይደለም። ሂድ፣ እራትህን ብላ።»