ውሃ አይንካት!

የዚያን ቀን ጠዋት ነርሶችን ስለ ከባድ ቃጠሎ ላስተምር ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ ልነሳ ስል፣ የፔርሙዙ ሻይ አውራ ጣቴ ላይ ፈሰሰ። አስተማሪው ሰውዬ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ሮጦ የጥርስ ሳሙና ቀባ! “ቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ” እያልኩ የሸመገልኩት እኔው። እጄ ግን የሚሰማው በልጅነቴ ሳሙና ትቀባኝ የነበረችውን እናቴን እንጂ እኔን አይደለም።

ጤና ጣቢያው ደርሼ ማስተማር ስጀምር አንዷ ነርስ ጣቴን አየችው።

“ጋሼ፣ ምንድነው እሱ?”

“ኖራ ነው፤ ግድግዳ ነክቼ።”

ጠጋ ብላ አሸተተች። “ጥርሱን የሚቦርሽ ግድግዳ አለዎት ማለት ነው?”

ሳቁ ሳያባራ በሩ ላይ ባጃጅ ቆመ። ይዟት የመጣው ገበያ ሳምቡሳ የምትጠብስ ልጅ ናት፤ የፈላ ዘይት ከትከሻዋ እስከ ጣቶቿ ወርዶባታል። አክስቷ ክንዷን በእንቁላል ለቅልቀውታል። ሰልጣኞቼ ደርቀው ቀሩ። እኔ የማየው እጇን ነበር፤ እንጀራዋ እሱ ነው።

“ውሃ አምጡ!” አልኩ።

አክስትየው መሀል ገቡ። “ውሃ አይንካት! ቁስሉ ይቆጣል!”

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ከቢሮው ወጣ። “አባባ፣ እርስዎ የመጡት ለማስተማር ነው። ሳንነካካት ሪፈር ጽፈን አዳማ እንላካት።”

“ቃጠሎው አዳማ እስክትደርስ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል ያለህ ማነው? ለማስተማር ከሆነ ይኸው እያስተማርኩ ነው። ጣቷ ሳያብጥ ቀለበቷን አውልቁ!”

ከዚያ ጣቴን ለአክስትየው ዘረጋሁላቸው። “ይዩ፣ እኔም እንደርስዎ ቀብቻለሁ።” ካመጡልኝ ጄሪካን ውሃ አፈሰስኩበት። “ከተቆጣ እኔን ይቆጡኝ።”

“የሽማግሌ ቆዳና የልጅ ቆዳ አንድ ነው?”

“አይደለም። የእኔው ለመለማመጃ ነው።”

ሳቅ አመለጣቸው፤ መንገድም ለቀቁ። ያቺ አሽታች ነርስ ጄሪካኑን ነጥቃኝ በቀስታ ታፈስላት ጀመር። ሌላዋ ደም ሥር ፈልጋ ግሉኮስ ሰካች። “ክንዷን ብቻ! የቀረው ገላዋ እንዳይበርዳት!” እያልኩ እጮሃለሁ።

የምንሸፍንበት ንጹሕ ጨርቅ ስናጣ፣ በሩ ፊት ለፊት ካለችው አንሶላ ሻጭ አዲስ አንሶላ ከነላስቲኩ አንስቼ “እመልሳለሁ!” እያልኩ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል፣ እንደ ዕድሜዬ ነው። ሸፍነን አምቡላንስ ስናስገባት ግሉኮሱን ከፍ አድርጎ ይዞ አብሯት የሄደው ኃላፊው ራሱ ነው።

ጠባሳው እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ጣቶቿ ግን ይታጠፋሉ፤ ሳምቡሳ ትጠቀልልባቸዋለች። ልጆቼ “አርፈህ ቤትህ ተቀመጥ” ይሉኛል። አላርፍም! መንደሩ እንቁላሉን ለመጥበሻ ብቻ እስኪያውለው ድረስ እሄዳለሁ።

የአንሶላ ሻጯ ነገር ነው ያስቸገረኝ። ብር ብሰጣት እንቢ አለች። ከአንሶላው ጋር የሚሄዱ ሁለት የትራስ ልብሶች ብቻቸውን ቀርተውባታል፤ ማን ይገዛላታል? ሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ አበባ ያለው አንሶላ አዳማም ባቱም ፈልጌ አጣሁ። ወለንጪቲ በሄድኩ ቁጥር የትራስ ልብሶቹን ከፍ አድርጋ ታውለበልብልኛለች፤ “አባባ፣ እናታቸውስ?”