ልጄ ወደ መጋረጃው ስትወጣ

ልጄ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር አትላንታ ውስጥ ያለ የአይሁዶች ሙዚየም ስትጎበኝ፣ ከምንኖርበት ከስኔልቪል እየነዳሁ ይዣት ሄድኩ። ቤቱን ድሮ ከባሕር ማዶ የመጡ ስደተኞች ምኩራብ አድርገው እንደሠሩት፣ አሁን ግን እንደማይጸለይበት በሩ ላይ ነገሩን። እኔ ገና ስገባ ሻርፔን ራሴ ላይ ጣል አደረግኩ፤ ጫማዬን ላውልቅ አላውልቅ እያልኩም ትንሽ ቆምኩ።

ከፊት ለፊት ደረጃ አለ፤ ከደረጃው በላይ ቀይ መጋረጃ ተጋርዷል። ልክ የኛ መቅደስ! አስጎብኚዋ አሮጊት መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ልጄን፣ «ነይ፣ ውጪና እዪው» አሏት። እጅጌዋን ያዝኩ።

«አትወጪም! እዚያ የሚገባው ቄስ ነው።»

«እማዬ፣ ሙዚየም እኮ ነው! ሁሉም እያየን ነው፣ ፕሊስ!»

በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ ለሴትዮዋ አስረዳኋቸው። አልሳቁብኝም። ጸሎቱ ሲቆም የኦሪት ጥቅልሎቹ ወደ ሌላ ምኩራብ እንደተወሰዱ፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለው ሣጥን ባዶ እንደሆነ ነገሩኝ። ጭራሽ ግራ ገባኝ። ባዶ ከሆነ ይፈቀዳል? ወይስ ቦታው አሁንም ያው የእግዚአብሔር ቦታ ነው? የምጠይቀው ቄስ አጠገቤ የለም፤ የልጄ ዓይን እንባ ሞልቷል። እጅጌዋን ለቀቅኩ።

ወጣች፣ አየች፣ ወረደች። ስንመለስ መኪና ውስጥ ቀበቶዋን እያሰረች፣ «እማ፣ ኃጢአት ሠራሁ እንዴ?» አለችኝ።

«እንጃ ልጄ። እሁድ የንስሐ አባታችንን እንጠይቃለን» አልኳት። ምን ብዬ እንደምጀምርላቸው ሳስብ ከአውራ ጎዳናው መውጫዬን አለፍኩት።