እትዬ ናፊሳና የተከደነው ውሃ

ሸዋ ሮቢት በግንቦት ሰውን እንደ ሽሮ ነው የምታንተከትከው። በዚያ ሙቀት፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ የከተማው ውሾች የት እንደሚተኙ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በመንገድ ዳር አበባ ሳጠጣ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም። ያሳዩኝ እትዬ ናፊሳ ናቸው፤ አብረውኝ የሚያጠጡት።

“የሺ፣ እስኪ ከወፍጮ ቤቱ ጀምረሽ ቁጠሪያቸው” አሉኝ፣ የያዙትን የውሃ ጎማ መሬት ጥለው።

ቆጠርኩ። አንዱ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተዘርግቷል። ሁለቱ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት አጠገብ፣ ሌላው ፋርማሲው ፊት፣ አንዲት የምታጠባ ውሻ ደግሞ ከመስጊዱ ጥግ። አጥሩ ሥር ያንን የመሰለ ጥላ ባዶውን እያለ፣ ሁሉም መሀል መንገድ ኮብልስቶኑ ላይ ሆዳቸውን ለጥፈው ተኝተዋል። ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ሠርተዋል።

“ምን ሆነው ነው? አብደው ነው እንዴ?”

“ከሥራቸው ውሃ ይሄዳል። ድንጋዩ ይቀዘቅዝላቸዋል” አሉና ጎማውን አንስተው ማጠጣታቸውን ቀጠሉ።

እትዬ ናፊሳ ስልሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ረዘም ያሉ ሴት ናቸው። የተወለዱት ከአሊዩ አምባ ወዲያ ካለች የአርጎባ መንደር ነው፤ ሮቢት የመጡት ተድረው ነው፤ ባላቸው ሞተዋል። ሲሄዱ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነው፤ ያውም በዚያ በሚፋጅ ድንጋይ ላይ። አንዳንዴ መሀል መንገድ ድንገት ይቆሙና አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ፤ ባጃጁ ጥሩንባውን ቢያንባርቅባቸውም ንቅንቅ አይሉም። የከተማው ሰው “ነካ አድርጓቸዋል” ይላል። እኔም እል ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኑርሃን የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ስድስት ዓመቷ ነበር። ያኔ በከተማው መሀል የሚወርድ ወንዝ ነበረ፤ ትንሽ፣ ልጅ የሚንቦጫረቅበት። እኛ ቆለኞች የምንፈራው የራሳችንን ዝናብ አይደለም። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ እዚያ ላይ ደብረ ሲና ጋራው ላይ ይዘንባል፤ ከዚያ ደራሽ ውሃ ሳይታሰብ ይመጣል። ያን ቀንም ፀሐይ ነበር። እትዬ ናፊሳ ገበያ ሽንኩርት ሲሸጡ ነው ሰው እየሮጠ የመጣባቸው።

እስከ አዋሽ በረሃ ድረስ ተፈለገች። ጨርቋ እንኳ አልተገኘም። ሬሳ ሳይኖር ተሰገደላት። መቃብር ግን ከየት ይመጣል? ሌላው እናት ሄዳ ዱዓ የምታደርግበት፣ እጇን አፈሩ ላይ የምታሳርፍበት ቦታ አላት፤ እሳቸው ምንም የላቸውም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ወንዙ ሸተተ፣ ቆሻሻ መጣያ ሆነ ተባለና ከላይ ኮንክሪት ተጫነበት፤ በላዩ ኮብልስቶን ተነጠፈ። በቃ፤ ሰው ረሳው። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ወጣት ከእግሩ ሥር ወንዝ እንዳለ ብትነግሩት ይስቅባችኋል።

ዓምና ጥር ላይ ሩት መጣች። ከአዲስ አበባ የተላከች የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ናት፤ ገና ልጅ ነገር፣ ባርኔጣዋ ከራሷ የሚበልጥ። መጀመሪያ ቀን የአጠጪዎቹን ቡድን በሙሉ መንገድ ዳር አሰልፋ “ዓይናችሁን ጨፍኑና የምትሰሙትን ንገሩኝ” አለችን። ሞት ይርሳኝ፣ በሳቅ ልፈነዳ! “የአይሱዙ ሞተር” አልኳት። “ሌላስ?” “ሌላ አይሱዙ።” እሷ ግን አልተቆጣችም። በዚህ ከተማ ሥር የተደበቀ ውሃ እንዳለ፣ ሰው በጆሮውም በአፍንጫውም መልሶ እንዲያገኘው ጥቂቱን ከፍታ መናፈሻ ልታደርገው እንደምትፈልግ አስረዳችን። ችግሩ፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚሄድ የሚያሳይ ፕላን ቢሮ ውስጥ ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፋ። ሲከድኑት የነበሩት ሰዎች ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ከአገር ሄደዋል።

“እኔ አውቀዋለሁ” አሉ እትዬ ናፊሳ።

ቀኑ ጁምዓ ነበር። ጫማቸውን ለእኔ ሰጥተው ከወፍጮ ቤቱ ተነሡ፤ ሩት በኖራ ምልክት እያደረገች ተከተለቻቸው። አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳቱም። ከመስጊዱ ጥግ፣ ከትልቁ ዋርካ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። “እዚህ” አሉ። ሰዓቱ የሶላት ነበርና ሹፌሮቹ መኪናቸውን አቁመው ገብተው ነበር፤ መንገዱ ጭጭ ብሏል። ያኔ ሰማሁት። ከእግሬ ሥር፣ በሩቅ፣ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራ የሚመስል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮዬን አልለቀቀኝም፤ ገበያ መሀል ሆኜ እንኳ እሰማዋለሁ። እሳቸው ሃያ ሁለት ዓመት ሲሰሙት ነው የኖሩት።

መጋቢት ላይ ስድስት ሜትር ያህል ተከፈተ። ኮንክሪቱ በሰንሰለት ሲነሳ መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው፤ እርጥብ አፈር፣ የቆየ ቅጠል፣ ቀዝቃዛ ነገር። የዋርካው ሥሮች በኮንክሪቱ ስንጥቅ ገብተው፣ ቀጥነው፣ ረዝመው፣ ውሃው ውስጥ እንደ ተፈታ ፀጉር ይወዛወዙ ነበር። እትዬ ናፊሳ ክንዴን ያዙኝ። ጥፍራቸው ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

ሩት ጥሩ አድርጋ ሠራችው። ወደ ውሃው የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ አበጀች፤ ውሃው እየተንኳለለ ድምፅ እንዲሰጥ ድንጋይ ደረደረችበት፤ ደጋው ሲዳምን የሚዘጋ የብረት በር አስገጠመች። ከዚያ ዳር ዳሩን የሚተከል ፈለገችና እትዬ ናፊሳን ጠየቀቻቸው። “እማማ፣ በዚህ ሙቀት ማንም ባያጠጣው የማይሞት ተክል ምን አለ?”

“አለ፤ እኔ አመጣዋለሁ” አሏት።

በማግስቱ የትውልድ መንደራቸው ሄዱ። አንድ ጆንያ እሬት አሸክመው ተመለሱ፤ ማንንም ሳያስነኩ በራሳቸው እጅ ሲተክሉ ዋሉ። ሩት ደስ አላት። እኔ ግን ቆሜ ሳየው ነገሩ ገባኝ። በእኛ አገር እሬት የሚተከለው መቃብር ላይ ነው። የዚሁ የቀወት አገር ክርስቲያን ብሆንም ከሙስሊሙ ጋር ለቅሶ ስቀመጥ፣ ቀብር ስሸኝ ነው ያደግኩት፤ አውቃለሁ። እሳቸው የተከሉት ራስጌና ግርጌ ለይተው ነው፤ ርዝመቱም የልጅ ነው። የቀረውን ዳር ዳሩን አዳረሱት። አፌ ሌላ ጊዜ ዝም ማለት አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ዝም አልኩ። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ለልጃቸው መቃብር ያበጁትን ሴት “ተዉ” የምል እኔ ማን ነኝ?

ታዲያ ሰው ሁሉ አወቀው። የመስጊዱ ሽማግሌ ሐጂ ሙዐዊያ በዚያ ሲያልፉ ቆም ብለው ለሙታን የሚባለውን ሰላምታ አቀረቡ፤ ከዚያ መሬቱን በከዘራቸው እየመቱ ፈጠን ፈጠን አሉ። ወጣቶቹ ሲደርሱ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ሩት በየቀኑ ጠዋት መጥታ ባዶውን ደረጃ ታይና ትመለሳለች፤ ምን እንዳጠፋች አልገባትም። እኔም አልነገርኳት። አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ሐላፊያችን ታምራት መጣ።

“አንድ ሰው አልተቀመጠበትም። ክረምት እየመጣ ነው፤ ለማንም የማይጠቅም ጉድጓድ ከፍቼ አላሳድርም። እስከ ሰኞ ሰው ካልገባበት መልሼ እከድነዋለሁ” አለ።

ሩት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያኔ አላስቻለኝም። “አንቺ ልጅ፣ መቃብር ላይ ማን ሊዝናና ይመጣል!” ብዬ ጮህኩባት፤ ስለ እሬቱም ስለ ኑርሃንም ሁሉንም ዘረገፍኩት። ዘወር ስል እትዬ ናፊሳ ከኋላዬ ቆመዋል። በቁሜ አለቅሁ።

ሩት ተነሥታ “እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም?” አለቻቸው።

“የማይሞት አልሽኝ። እኔ ሌላ አላውቅም፣ ልጄ።”

ሩት ዓይኗን ጠረገችና የራስጌና የግርጌውን ብቻ ትተን ሌላውን እንንቀል አለች። እትዬ ናፊሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ሁለት ከቀረም መቃብር ነው። ሰው አይመጣም። ሰው ካልመጣ ይከድኑታል። ከከደኑት…” ብለው ተዉት። ወደ ውሃው ዘወር ብለው “መቃብሩን አገኘሁ ብዬ ውሃውን መልሼ ላጣ ነው” አሉ።

ተንበረከኩና መንቀል ጀመሩ። ዶማ ላቀብላቸው ብል እምቢ አሉ። እሾሁ እጃቸውን ቦጫጨረው፤ ቢጫ ፈሳሹ ክንዳቸው ላይ ተንዠቀዠቀ። የራስጌውን መጨረሻ አስቀሩት። እሱን ሲነቅሉ ለረጅም ጊዜ ደረታቸው ላይ ይዘውት ቆዩ፤ እኔና ሩት ፊታችንን አዞርን። ጆንያውን ራሳቸው ተሸክመው ሄዱ፤ የት እንዳደረሱት እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። ቦታው ላይ ጠጅ ሳርና ጤናዳም ተከልን።

ሰው ወዲያው አልመጣም። ቅዳሜ የባጃጅ ሾፌሮች መጥተው እግራቸውን ነከሩ። እሁድ ሴቶች ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ጤናዳሙን ቀነጠሱ። ሰኞ ታምራት ሲመጣ ደረጃው ላይ መቀመጫ አጣ፤ መክደኑን ትቶ ተመለሰ። ሩት በደስታ አቅፋ ሳመችኝ። እትዬ ናፊሳ ግን ማዶ ሆነው ነበር የሚያዩት፤ ወንዙ ከተከፈተ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ደረጃውን ወርደው አያውቁም።

በዚያው ሰኞ ከሰዓት፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ፣ ዓሊያ የምትባል የአንደኛ ክፍል ልጅ ከእናቷ እጅ አምልጣ ሮጣ ወረደች። ጫማዋን ወርውራ ወደ ውሃው ጎንበስ አለች። እትዬ ናፊሳ እንዴት እንደተሻገሩ አላየሁም። ብቻ ደረጃው ላይ ደርሰው የልጅቷን ቀሚስ ከኋላ ጨምድደው ይዘዋል፤ እግራቸው ውሃው ውስጥ ነው። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ልጅቷ ሳቀች፤ ጨዋታ መስሏታል። ከዚያ ልሂድ አለች። አልለቀቋትም።

“ይልቀቋት እንጂ፣ ልጄን አስፈሯት!” አለች እናቷ።

“እሺ” ይላሉ እትዬ ናፊሳ፤ “እሺ፣ እሺ” ይላሉ፤ እጃቸው ግን አይፈታም። ወረድኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“እኔ እኮ የሺ” አሉኝ፣ ልጅቷን ሳይሆን ውሃውን እያዩ፣ “አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አድርጌ ይዣት አላውቅም። እጄ ሥራ ፈትቶ አያውቅም ነበር።”

ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። አምስቱንም። የመጨረሻዋ ጣት ስትለቅ ልጅቷ ወደ እናቷ ሮጠች፤ እትዬ ናፊሳም አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኸው አለቀሱ።