ሰላምታ የበላው መድኃኒት

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አባቴ አስም አለበት። ቤታችን ከሚዛን ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ የገበያ ቀን አገር ምድሩ በደጃችን ያልፋል። እኔ ሞተር ነው የምሠራው። ጭቃ ላይ እንደኔ የሚነዳ እስከ ቴፒ ድረስ የለም፤ ካላመናችሁ ከኋላዬ ተቀምጠው ስለት የተሳሉትን ጠይቁ። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ተውኩት። ወይ እሱ ተወኝ።

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ለአባቴ ፓፍ አዘዘችለት፤ ያ ሲጫኑት ጭስ የመሰለ መድኃኒት የሚነፋው ነገር። በቀጥታ ሲወስደው ጉሮሮው ላይ እየቀረ ስላስቸገረ፣ የሃይላንድ ቂጥ በስታችሁ ፓፉን ሰኩበት፣ እሱ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይሳበው አለች። በጋለ ሚስማር የበሳሁት እኔ ነኝ። ፋብሪካም እንደዛ አይገጥምለትም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ወሰደ፣ ለውጥ የለም። ዳገት ወጥቶ ቡናውን ማየት ይቅርና ደጅ ደርሶ ሲመለስ ደረቱ ያፏጫል። ሲስተር በትክክል አይወስዱም ብላ ተቆጣችን፤ እስቲ ወስደው ያሳዩኝ ግን አላለችም። ፋርማሲ ሄጄ ባዶ ሸጣችሁልን ብዬ ጮህኩ። ሻጩ አንዴ ፊቴ ላይ ነፋልኝ። ሙሉ ነው። አፍሬ ወጣሁ።

አባቴ ግን በቃኝ አለ። "ይሄ አየር ነው። ከነገ ጀምሮ አልወስድም።" ያለሱ ክረምቱን እንደማይወጣው ለኔ ግልጽ ነበር።

ዛሬን ብቻ ብዬ ለመንኩት። የገበያ ቀን ነበር፣ ደጅ ተቀምጧል። ፓፉን ተጫነ፣ ጠርሙሱ ጉም መሰለ። አፉ ሊደርስ ሲል ጎደሬ የተሸከመ ጎረቤታችን ሰላም አለው። አባቴ ጠርሙሱን ጭኑ ላይ አሳረፈ። በቤንችኛ ጀመረ፤ ሚስቱን ጠየቀ፣ ልጆቹን ጠየቀ፣ ላሟ ወለደች ወይ አለ፣ በአማርኛ አሳረገ። ከዛ ጠርሙሱን አንስቶ በትጋት ሳበ። ምኑን ነው የሳበው?

ነጠቅኩት። ፀሐይ ላይ ይዤ ተጫንኩና መቁጠር ጀመርኩ። አሥር ሳልደርስ ጉሙ ሳሳ፣ ሃያ ላይ ጠርሙሱ ጥርት አለ። ደግሜ ተጫንኩና ወዲያው ሳብኩ፤ ምላሴ መረረኝ፣ ልቤ ደለቀ። ሦስተኛውን ላሟ እስክትወልድ ያህል ጠብቄ ሳብኩ። ምንም።

"አባዬ፣ አንተ ላሟን ስትጠይቅ መድኃኒቱ ፕላስቲኩ ላይ እየተለጠፈ ነው። ተጫን፣ ወዲያው ሳብ።"

"ሰው ሰላም ሲለኝ አፌን ጠርሙስ ውስጥ ወትፌ ልየው? ከብት ነኝ?"

"እሱ ይቆይሃል። ጭሱ ነው የማይቆይህ።"

እሱን ያስጨነቀው ያባከንኩት መድኃኒት ነው። ሲስተር ጋ ሄጄ ስነግራት ደግሞ፣ መሃል ላይ የሚያወራ ሰው አለ ብዬ መች አሰብኩ አለችኝ። የት አገር ነው የምትኖረው?

በማግስቱ ቤት አስገብቼው በሩን ዘጋሁ። እንደተጫነ ያው ጎረቤት ከውጭ ተጣራ። አባቴ ጠርሙሱን ሊያወርድ ሲል እጁን ይዤ አፉ ላይ አስቀረሁት። አባቴን፣ በዚህ እጄ። ዓይኑን አፍጥጦብኝ ሳበ።

"ሰው የለም እንዴ?" አለ ጎረቤቱ።

"አለ! መድኃኒት ላይ ነው፣ ቁም!" አልኩት፣ የአባቴን እኩያ።

አባቴ ከዛ ቀን ጀምሮ አኮረፈኝ። በሩን ግን ራሱ መዝጋት ጀመረ፣ ሳይጠየቅ። ከሳምንት በኋላ ሞተሬን እያጠብኩ ከላይ ከዳገቱ፣ ከቡናው መሃል ድምፁን ሰማሁ። ለጎረቤቱ እኔን እየሰደበለት ነው፤ ባለጌ፣ ሽማግሌ የማያከብር፣ ከኔ የወጣ አይመስልም። መሃል ላይ አንዴም ለትንፋሽ አላቆመም። ተናድጄ ነበር የምሰማው፣ ግን ውሃውን ዘግቼ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።