ፈረሶቹን

ቦዲቲ ገበያ ዳር ጋሪ ላይ ልወጣ ስል በዝናብ የራሰው የልጓም ቆዳ ሸተተኝና የአያቴ ኮርቻ ትዝ አለኝ።

የአያቴ ወላጆች ከስልጤ መጥተው ሶዶ ላይ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች ነበሩ። እሳቸው ግን ጨው ስመዝን አልኖርም ብለው የንጉሡ ፈረሰኛ ወታደር ሆኑ። ከዚያ ሁሉ ዘመን የተረፋቸው ያ ኮርቻ ብቻ ነው።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ኮርቻውን ሞራ ይቀቡ ነበር። ቤታችን የሚወራው ወላይትኛ ነው፤ ስለ ጦሩ ሲነሳ ግን አያቴ በአማርኛ ነበር የሚያወሩት።

«አባባ፣ ውትድርናውን ለምን ተዉት?» አልኳቸው።

«ፈረሰ፣ ልጄ።»

«የቱ ፈረስ?»

አጎቴ ከሱቁ ውስጥ ሳቀ። «ጦሩ ፈረሰ፣ ተበተነ ነው የሚሉሽ። የዚች ልጅ አማርኛ በጋሪ ነው የሚሄደው!» ገበያተኞቹም ሳቁ።

አያቴ አልሳቁም። «አንድ ቀን ጠዋት መጡና ፈረሶቹን...» ብለው ጀመሩ። እኔ ግን አፍሬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ አራት ዓመት ኖረዋል። ኮርቻውን ባወረዱ ቁጥር ቀና ብለው ያዩኛል፤ እኔ ደግሞ እንዳልሳሳት ፈርቼ አቀረቅራለሁ። አንዴ ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ነበር፣ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ባቆምም የዚያች «ን» ነገር ይገባኛል፤ የመጡት ሰዎች ፈረሶቹን አንድ ነገር አድርገዋቸዋል። ምን እንዳደረጓቸው ግን አላውቅም።

«እህቴ፣ ትወጫለሽ ወይስ ፈረሱን ልትጠይቂው ነው?» አለኝ ባለጋሪው።

አቀርቅሬ ወጣሁ።