የእማማ መርፌ የአሳንሰር ክፍያ

የፎቁ ሰው ሁሉ «እማማ መርፌ» ይላቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ስለሰፉ ብቻ አይደለም፤ ንግግራቸውም ስለሚወጋ ነው። የሚኖሩት ምድር ቤት፣ ከዋናው መግቢያ አጠገብ ነው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው ብርቅ ሆኗል።

አንድ ቀን ግን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢው፣ አምስተኛ ፎቅ የሚኖረው ፋርማሲስት፣ አንኳኳ። በየወሩ የአሳንሰር ክፍያ ይኖራል፣ ሁሉም እኩል ይከፍላል አላቸው።

«እኔን የት ሊያደርሰኝ? ጣሪያ ላይ?»

«እማማ፣ ባይወጡበትም የመጠቀም መብት አለዎት። የሚከፈለው ለመብቱ ነው።»

«እንዲህ ነው እንዴ?» አሉና ከፈሉት።

በማግስቱ በርጩማቸውንና የጀመሩትን ሹራብ ይዘው አሳንሰሩ ውስጥ ተሰየሙ። የገባውን ሁሉ «መብቴን እየተጠቀምኩ ነው» ይሉታል። ሲወጣ ይወጣሉ፣ ሲወርድ ይወርዳሉ። ሐሳባቸው ሌላ አልነበረም፤ ሰብሳቢውን አሰልችተው ክፍያውን ማስነሳት ነው።

አሳንሰር ውስጥ ግን ዝም ብሎ መተያየት ያስጨንቃልና ሰዉ ማውራት ጀመረ። የሁለተኛ ፎቋ አስተማሪ የተተረተረ እጅጌዋን እዚያው አሰፋች። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት ሲኳረፉ በየተራ እየገቡ ስሞታቸውን አሰሙ። አንዷ አራስ ልጇን ታቅፋ ገብታ «አያትሽ ናቸው፣ ሰላም በያቸው» ስትል እማማ መርፌ የያዙት ሹራብ ተምታታባቸው። ከዚያ በኋላ ቤታቸው ገብተው ሲተኙ ነገን መናፈቅ አመጡ።

ሰብሳቢው ግን በርጩማው እየጠለፈው ምርር አለው። ወሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ማታ ፊቱ ፈክቶ ቤታቸው መጣ።

«እማማ፣ አሸነፉ! ምድር ቤት ያለ ከእንግዲህ አይከፍልም። በቃ፣ በርጩማዎን ከአሳንሰሩ ያውጡልን።»

እማማ መርፌ ክው አሉ። ይህን ለመስማት ነበር ወሩን ሙሉ አሳንሰር ውስጥ የተቀመጡት፤ አሁን ግን ተነሥተው ቦርሳቸውን አመጡ።

«ማን ለመነህ? እኔ ከሰው በምን አንሼ ነው የማልከፍለው?»

«እንዴ! እርስዎ አይደሉም እንዴ ‹የት ሊያደርሰኝ› ያሉት?»

«ያኔ ምን እንደምገዛበት አላወቅኩማ! እንካ፣ የመጪውን ወርም ደርበህ ያዝ።»

ሰብሳቢው ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ። ገንዘቡን ተቀበለና ደረሰኝ ጻፈላቸው። ስለ በርጩማው ትንፍሽ አላለም።